የሙሾው ባለቤት

ሽማግሎቹ ይመጣሉ የተባለው ሰኞ ነበር። ትዋበች ሳምንቱን ሙሉ ቤቷን ስትፈትግ ሰነበተች። ምንጣፉን በረንዳው ላይ አስጥታ በዱላ ስታራግፈው የሺምሾን ሰፈር ጎረቤቶቿ የረሳነው በዓል አለ ወይ ብለው ጠየቋት። ወንበር አነሰባትና ከላይኛው ፎቅ ተዋሰች። ድፎው ደረሰ፣ ዶሮው ደረሰ። ልጇ ኒሪ፣ ሙሉ አዳራሽ ፊት ቆማ የማትርበተበተው ተዋናይት፣ የቀሚሷን ጫፍ ስትጠቀልልና ስትፈታ ዋለች።

ሰኞ መሸ። ሽማግሎቹ አልመጡም፤ ቀረን የሚል መልእክትም አልደረሰ። ኒሪን ሊያገባት የፈለገው ኤሊዓድም ስልኩን አላነሳም።

ትዋበች አልተቆጣችም። የተዋሰቻቸውን ወንበሮች ሁለት ሁለቱን አንስታ በደረጃው ወደ ላይ ወሰደች፤ በየበሩም "እግዜር ይስጥልኝ፣ ተረፈን" እያለች መለሰች። ኒሪ ላግዝሽ ብትላት እጇን መለሰቻት። ልጅቷን ያንገበገባት የራሷ ነገር አልነበረም፤ እናቷ "ተረፈን" ስትል ድምፅዋን እንዴት አድርጋ እንዳቃናችው ነው። እንዲያ ያለ ድምፅ በምን ያህል ጉልበት እንደሚሠራ ኒሪ ታውቃለች፤ ሥራዋ ነውና።

ኒሪን የማታውቁ ካላችሁ ቴሌቪዥን የላችሁም ማለት ነው። የተወለደችው እዚሁ አሽቀሎን ከተማ ነው። ወላጆቿ ወደዚህ ለመምጣት ጎንደር ከተማ ዓመታት ተራ ሲጠብቁ ኖረው፣ የቀደሙት ቤት ሠርተው ልጅ ድረው ካበቁ በኋላ የመጡ ናቸው። አባቷ ገና በሦስት ዓመቷ በሕመም ሞተባት። እናቷ ትዋበች በአንድ የአረጋውያን መኖሪያ ልብስ ስታጥብ ስትተኩስ ትውላለች። ይህ የደመወዝ ሥራዋ ነው። የስም ሥራዋ ሌላ ነበር። ትዋበች አልቃሽ ናት። ከአሽቀሎን እስከ ኪርያት ጋት ሰው ሲሞት መኪና ይላክላታል፤ እሷ ያልደረሰችበት ለቅሶ ለቅሶ አይባልም ነበር።

ልጅ የሚጠብቅላት ስለሌለ ኒሪን ይዛት ትሄዳለች። ልጅቷም ከእናቷ ነጠላ ሥር ተቀምጣ ታያለች። እናቷ ደርቃ ትገባለች። አንዷን ዘመድ ጥግ ይዛ ሟቹ ምን ይወድ ነበር፣ በእጁ ምን ይይዝ ነበር፣ ማንን እየጠራ ሞተ ብላ ትጠይቃለች። ከዚያ ትቀመጣለች፤ ዝም ትላለች። ሰው ሁሉ አሁን ጀመረች አሁን ጀመረች ሲል ትቆያለች፤ ከዚያ አንዲት ስንኝ ስትጥል ቤቱ ይፈርሳል። ኒሪ ፊደል ከመቁጠሯ በፊት ያንን ዝምታ መቁጠር ተማረች። ኋላ በማትናስ፣ በሰፈሩ የወጣቶች ማዕከል፣ የቲያትር አስተማሪዋ ይህችን ልጅ ዝም ማለት ማን አስተማራት ብላ ስትደነቅ ኒሪ የእናቷን ስም አላነሳችም። የክፍሏ ልጆች እናትሽ ለገንዘብ ነው የምታለቅሰው እያሉ ያሾፉባት ነበርና አፍራለች። የልጅነት ነገር ነው፤ አልፏል።

የግዴታ ውትድርናዋን ጨርሳ ቴል አቪቭ የትወና ትምህርት ቤት ገባች። ስትወጣ ሥራ አገኘች፤ የተሰጣት ሚና የጽዳት ሠራተኛ። ቀጥሎ ወታደር፤ ቀጥሎ ደግሞ የጽዳት ሠራተኛ። ድርሰቱ ላይ ለዚህች ሴት ስም አይሰጣትም፤ "የጽዳት ሠራተኛ" ብቻ ነው። ኒሪ ግን ለእያንዳንዷ ስም አወጣችላት፤ ባልም ልጅም ሰጠቻት፤ ወገቧን የሚያማትን ከማያማት ለየች። ማንም አይጠይቃትም። እሷ ግን ስም የሌለውን ሰው ይዛ መድረክ ላይ አልወጣም ብላ ነበር።

አንድ ሰው ጠየቃት። ከአንዲት ትንሽ ቲያትር ቤት በጓሮ በር ስትወጣ ረዘም ያለ፣ መነጽር ያደረገ ወጣት ቆሞ ነበር። ፊርማ የሚፈልግ አልመሰላትም። በዕብራይስጥ ጀመረና ፊቷን አይቶ ወደ ተሰባበረ አማርኛ ዞረ። ያቺ ባልዲ የያዘችው ሴት ስሟ ማነው አላት። ኒሪ ቆመች። ስም እንዳላት በምን አወቅህ አለችው። አንድ ሰው ከኋላዋ የጠራት መስሏት ዘወር ስትል አየሁ፣ ስም የሌለው ሰው ሲጠራ አይዞርም አላት። ኤሊዓድ ነበር፤ የባሕር ውሃ አጣርቶ ለመጠጥ በሚያዘጋጀው ፋብሪካ መሐንዲስ፣ እሱም የአሽቀሎን ልጅ። የዚያን ዕለት በባቡር አብረው ተመለሱ። ኒሪ የሴትዮዋን ስም እስክትነግረው ድረስ ብዙ ጣቢያ አለፈ፤ እሱም አልቸኮለም። ዓይኑን መስኮቱ ላይ አድርጎ በመስኮቱ ውስጥ እሷን ያይ ነበር፤ እሷም እንደሚያያት ታይ ነበር።

ነገር ግን የኤሊዓድ ቤት አፍሪዳር ነው፣ ከባሕሩ አጠገብ፣ ኑሮ የደላው ሰፈር። አባቱ ጋሼ አለምነው በሱዳን በኩል በእግራቸው ከመጡት ናቸው። የማዘጋጃ ቤት ሠራተኛ ሆነው ጡረታ የወጡ፣ ጠብ ያስታረቁ፣ ቃላቸው የሚሰማ ሰው። ልጃቸው የሺምሾኗን ልጅ ሲነግራቸው ሁለት ነገር አሉ። አንደኛ፣ ዘግይተው የመጡትን ሰዎች ሥር አናውቅም። ሁለተኛ፣ አዝማሪ ቤቴ አላስገባም። በዚሁ ሁለት ዓመት አለፈ። ኤሊዓድ አባቱን አልደፈረም፤ ኒሪንም አልተወ።

በዚህ መሃል ኒሪ በሥራዋ አደገች። ትልቁ መድረክ ላይ ንግሥት ሆና ስትጫወት ትዋበች በነጭ ለብሳ ፊት ረድፍ ተቀመጠች። ሲያበቃ አዳራሹ ቆሞ አጨበጨበ። ትዋበች ግን ጓሮ ገብታ ድምፅሽ ደህና ነው፣ እጅሽ ግን ሥራ ፈቷል አለቻት። ኒሪ በማግስቱ የንግሥቲቱን እጅ ሥራ አስያዘችው።

ከዚያ ያ የቴሌቪዥን ድራማ መጣ። ኒሪ ወታደር ልጇን ያጣች እናት ሆነች። ድርሰቱ ላይ የተጻፈው "ታለቅሳለች" የሚል አንድ ቃል ነው። ዳይሬክተሯ ሚሪ አንቺ የምታውቂውን አድርጊ አለቻት። ኒሪም ተቀመጠች፣ ዝም አለች፣ ቆየች። ከዚያ ልጅ ሳለች እናቷ ዕቃ እያጠበች ለብቻዋ ስታንጎራጉር የሰማችውን አወጣችው።

ሁሉም መንገድ ሄደ፣ አንተ ቀረህ ለቤት፣
ደጁን ማን ይዝጋልህ አንተም ስትሄድበት።

አቁሙ የሚል ሰው ጠፋ። ሚሪ አንዲት ቃል አማርኛ ሳታውቅ ታለቅስ ነበር። ድራማው ሲተላለፍ በየቤቱ እንዲሁ ሆነ። የዓመቱ ምርጥ ተዋናይት ተብላ ሽልማቷን ስትቀበል የመጀመሪያውን ዓረፍተ ነገር በአማርኛ ተናገረች፤ የቀረውን ተርጓሚ ይፈልጉለት ብላ ተቀመጠች። ሺምሾን ውስጥ በዚያ ምሽት ያልጮኸ መስኮት አልነበረም።

በአፍሪዳር ደግሞ ጋሼ አለምነው ድራማውን እያዩ ከወንበራቸው ተነስተው በረንዳ ወጡ፤ ሲመለሱ ዓይናቸው ቀልቶ ነበር። ከጥቂት ቀን በኋላ ኤሊዓድን ጠርተው ሽማግሌ ይላክ አሉ። ሰኞ ተቆረጠ። ትዋበች ምንጣፏን አወጣች።

የቀረውን ታውቃላችሁ፤ ምክንያቱን ነው የማታውቁት። ኒሪም አታውቅም ነበር።

ማክሰኞ ኤሊዓድ ራሱ ደወለላት። ከአፍሪዳር ቁልቁል ባሕሩ ዳር ተገናኙ። ሳይላጭ፣ መነጽሩ በጨው ጭጋግ እንደደበዘዘ ነበር። ኒሪ ይቅርታ ሲጠይቅ ልታየው መጥታለች፤ እሱ ግን የያዘው ሌላ ነው።

"ትናንት ጠዋት በአማርኛው ሬድዮ ቃለ መጠይቅሽ ተላልፏል" አላት። "አባቴ ሰማው።"

አስታወሰች። ጠያቂው ሙሾውን ከየት አመጣሽው ሲላት የቤታችን ነው፣ ከእናቴ አፍ ነው የሰማሁት ብላ ነበር። በድራማው ያልገባ አለ ወይ ሲላትም አንድ ስንኝ አለችለት።

የወገራው ጌታ የዋሴ የልጅ ልጅ፣
ወናፉ ዝም አለ ሲለየው ያንተ እጅ።

"ዋሴ የአባቴ አያት ነው" አለ ኤሊዓድ። "የወገራው ብረት ሠሪ። አባቴ ደሙ ቀዘቀዘ። የቤቷ ሙሾ ከሆነ ዘሯን ነው የጠራችው፣ የዋሴ ልጅ ናት አለ። እኛ ደግሞ ታውቂያለሽ፣ ሰባት ቤት ካልራቀ አይጋቡም። ዘመዴ ነሽ፣ ኒሪ። እንደ አባቴ ቆጠራ የቅርብ ዘመዴ።"

ኒሪ ባሕሩን አየች። ያ ሙሾ ለአባቷ የተለቀሰ መሆኑን ከልጅነቷ ጀምሮ ታውቃለች፤ ወይም የምታውቅ ይመስላት ነበር። አባቷ ከሞተ በኋላ እናቷ የምታንጎራጉረው ያንን ሙሾ ብቻ ነው፤ የማን እንደሆነ ግን ጠይቃት አታውቅም። የአባቷ ስም ሲነሳ የትዋበች ፊት ስለሚዘጋ በዚያ ቤት ስለ እሱ አይጠየቅም። እንግዲያው ዋሴ የአባቷ አያት ነበር ማለት ነው። እንግዲያው ይህ ከፊቷ የቆመው፣ ዓይኑን ስታይ ልቧ የሚሞቅለት ሰው ወንድሟ እንደማለት ነው።

ኤሊዓድ ጠጋ አለ። መፍትሔ ይዞ ነበር የመጣው፤ መሐንዲስ አይደል። አባቱ ለሌላ ሰው አልነገሩም። ኒሪ ለአባቱ አንድ ስልክ ደውላ ሙሾው የደራሲው ነው፣ ቲያትር ነው፣ በሬድዮ የቤታችን ያልኩት ለማስመሰል ነው ብትል በቂ ነበር።

"ተክሺቪ፣ ስሚኝ" አላት። "ውሸት ነው በያቸው። አንድ ቃል ናት።"

"እውነት ብንዛመድስ?"

ዝም አለ። ኒሪ ዝምታ ታነባለች፤ ይህኛውን ያለ ችግር አነበበችው። ማወቅ አልፈለገም። ወዷታል፤ በጣም ወዷታል፤ ስለ ወደዳት ሊያውቅ አልፈለገም። ያ ሊያስደስታት ይገባ ነበር፤ ይልቅ አንገበገባት።

"ኤሊዓድ፣ ሰው ሁሉ ተዋናይ ይዋሻል ይላል" አለችው። "እኔ መድረክ ላይ ዋሽቼ አላውቅም። ስም የሌላትን ሴት እንኳ ስም ሰጥቼ ነው የወጣሁት። አሁን ባል ለማግኘት ብዬ የእናቴን እንባ ውሸት ነው ልበል? አባቴ የተለቀሰበትን?"

"እና ምን ይሁን? ይህን ሁሉ ጊዜ ጠብቀን?"

"አላውቅም። እሱን ግን አልልም።"

ጥላው ስትሄድ አልተከተላትም። ቢከተላት ትመለስ እንደነበር ራሷ ታውቃለች፤ ስለዚህ እስከ ዋናው መንገድ ድረስ ዞራ አላየችም። እየሄደች ያለቀሰችው ለቅሶ የማንም ሙሾ አልነበረም፤ ዜማም አልነበረው።

እናቷን ልትጠይቅ አሰበች፤ አልቻለችም። ትዋበች ዋሴ የአባትሽ አያት ነው ካለች ነገሩ አበቃ። እስካልተጠየቀች ድረስ የቀረች ቀጭን ተስፋ አለች። ኒሪ ያቺን ተስፋ ይዛ ሁለት ቀን ቆየች። ልምምድ ላይ ሚሪ ምን ሆነሽ ብትላት ጉንፋን ነው አለች።

ሐሙስ ከቀትር በኋላ የሺምሾኑ በር ተንኳኳ። ጋሼ ቸሬ ነበሩ። በአሽቀሎን የማን አያት ከማን አያት በየት እንደሚገናኝ ሲጠፋ የሚጠየቁት እሳቸው ናቸው፤ ዘር ቆጠራን እንደ ጸሎት ያውቁታል። ጋሼ አለምነው ነገሩ በይፋ ሳይወጣ አጣሩልኝ ብለዋቸው ነው የመጡት። ዙሪያውን ሳይሄዱ ነገሩን ለትዋበች ነገሯት፦ ልጅሽ በሬድዮ ዋሴን ጠርታለች፣ ዋሴ የአለምነው አያት ነው፣ አንቺ ከዋሴ በምን በኩል ነው የምትወለጂው?

ኒሪ ከበሩ ጥግ ቆማ ትሰማለች።  ትዋበች ግን ጥያቄውን በጥያቄ መለሰች።

"ይህ አለምነው ቢምረው የሚባል ወንድም ነበረው?"

"ነበረው" አሉ ጋሼ ቸሬ። "እዚያው የቀረ። ታላቁ ነው።"

ትዋበች ተነሳች። እጇን ታጠበች፣ ነጠላዋን አጣፋች፣ ጫማዋን አደረገች። ጋሼ ቸሬ ወዴት ነው ሲሏት አፍሪዳር አለች። ሽማግሌው ደነገጡ። የሴት ልጅ እናት በልጅ ጉዳይ ወደ ወንዱ ቤት አትሄድም፤ ነውር ነው፤ ልጇን ልትለምን መጣች ይባላል፤ ያ ስም በልጅቷ ላይ ዕድሜ ልኳን ይቀራል። ይህን ሁሉ አሏት። ኒሪም ኢማ፣ እናቴ፣ ባክሽ ተይው አለች። ትዋበች ነጠላዋን እንደገና አስተካከለች።

"ልጄን ልለምን አይደለም የምሄድ። አደራ ላደርስ ነው" አለች። "ጋሼ ቸሬ፣ እርስዎም ይምጡ፤ ምስክር ይሁኑኝ። አንቺም ነይ።"

በአውቶቡሱ ውስጥ ምንም አልተናገረች። ከንፈሯ ግን ይንቀሳቀስ ነበር። ኒሪ ይህን የምታውቀው ከልጅነቷ ነው፤ እናቷ ለቅሶ ቤት ከመግባቷ በፊት የምታደርገው ነው። 

የጋሼ አለምነው ቤት በር ሲከፈት ኤሊዓድ ነው የቆመው። ኒሪን አየ፤ እሷም አየችው፤ ሁለቱም በአንድ ጊዜ ዓይናቸውን ዝቅ አደረጉ። ጋሼ አለምነው ከመቀመጫቸው ተነሱ። ሲያዩዋቸው ትልቅ ሰው ናቸው፤ ንግግራቸው የተመጠነ። ለትዋበች ወንበር አሳዩዋት። አልተቀመጠችም።

"ጋሼ፣ ቢምረው ወንድምዎ ነው?"

"ነበር" አሉ ቀዝቀዝ ብለው።

"እንዴት እንደተቀበረ ያውቃሉ?"

የሰውየው ፊት ተለወጠ። ይህን ጥያቄ ማንም ጠይቋቸው አያውቅም። ቀስ ብለው፣ ልጃቸው ሰምቶት የማያውቀውን ነገሩ፦ ሁሉም ወደ ሱዳን ሲነሳ እናታቸው መራመድ አልቻሉም፤ ቢምረው እኔ እቆያለሁ፣ እናንተ ሂዱ አለ። ከዓመት በኋላ በሱዳን በኩል መርዶ ደረሳቸው።

"ወገን በሌለበት ሞተ አሉኝ" አሉ። "የሚያለቅስለት ሰው እንኳ አልነበረም አሉኝ። እስከ ዛሬ እሱ ነው እንቅልፍ የሚነሳኝ።"

"እኔ ነበርኩ" አለች ትዋበች።

ጋሼ አለምነው አንድ እርምጃ ቀረቧት።

"ከወንዙ ማዶ ያለነው ጎረቤቶቻችሁ እኛ ነን። እናትዎን ቢምረው ቀበራቸው፤ ከዚያ ወባው እሱን ያዘው። አባቴና ወንድሞቼ ተሸክመው ከእናቱ ጎን ቀበሩት። ሰውየው እንደ እንስሳ ዝም ተብሎ ይቀበር ወይ ብዬ አባቴን ጠየቅሁት። አልቅሽለት አለኝ። ያኔ ገና ሃያ አልሞላኝም፤ አልቅሼ አላውቅም። የአያቱን ስም ከእናቱ አፍ ሰምቼ ነበር፤ ወናፉን በዓይኔ አይቼዋለሁ። ያንን ይዤ ነው ያወጣሁት። ጋሼ፣ እኔን አልቃሽ ያደረገኝ የእርስዎ ወንድም ነው።"

ከዚያ ወደ ኒሪ ዞረች፤ ድምፅዋ ወረደ። "አባትሽ ሲሞት አንዲት ስንኝ አልወጣልሽ አለኝ። ለአገር ሁሉ ሳለቅስ ለገዛ ባሌ አፌ ተያዘ። ጊዜ ጠብቄ ብሞክርም እምቢ አለኝ። እና የቢምረውን ነው ያለቀስሁለት። አንቺ የሰማሽው እሱን ነው። ዋሴ የአባትሽ ዘር አይደለም፤ የእኔም አይደለም።"

ከኒሪ እጅ አንድ ነገር ወሰዱባት፣ ሌላ ነገር ሰጧት። የአባቷ ነው ያለችው የአባቷ አልነበረም። ነገር ግን ይህች ልብስ ስታጥብ የምትውል ሴት፣ በልጅነቷ ያፈረችባት እናቷ፣ ወገን ያልነበረውን ሰው ወገን ሆና ቀብራዋለች። ያንኑ ሙሾ ኒሪ ሳታውቀው ለአገር አሰምታለች። 

ጋሼ አለምነው ሳያውቁት ተቀምጠው ነበር። "ሌላም አለው?" አሉ። "ሙሉውን መስማት ይቻል ይሆን?"

ትዋበች ጀመረች፤ ከሁለተኛው ስንኝ አላለፈችም። ድምፅዋ ተሰነጠቀ። እጇን ዘርግታ የልጇን እጅ ያዘች፤ "ድምፁ ያለው አሁን እሷ ዘንድ ነው" አለች።

ኒሪ ወለሉ ላይ ተቀመጠች። ዝም አለች። ቆየች። ሙሉ አዳራሽ የምታውቅ ሴት፣ በዚህ ሳሎን ውስጥ አራት ሰው ብቻ ፊቷ ሆኖ፣ እንደዚያ ቀን ፈርታ አታውቅም። ከዚያ አወጣችው። ቀሪውን ቤት፣ የቀረውን ልጅ፣ ዝም ያለውን ወናፍ አንድ በአንድ አነሳችው። የምታውቀው ሲያልቅ እናቷ ወደ ጆሮዋ ጎንበስ አለች፤ ዕቃ እያጠበች እንኳ ብላው የማታውቀውን የመጨረሻ ስንኝ በሹክሹክታ አቀበለቻት። ኒሪም ገና እየሰማችው ከፍ አደረገችው።

ወንድምህ ቢጣራ ከበረሃው ማዶ፣
"አለሁ" የሚል ጠፋ፣ ቤቱ ሆኖ ባዶ።

ጋሼ አለምነው ፊታቸውን በሁለት እጃቸው ሸፈኑ። "ጠርቼው ነበር" አሉ። "ጠርቼው ነበር እኮ።" ከዚያ በኋላ ያለቀሱት ቃል አልነበረውም። ኤሊዓድ አባቱ ሲያለቅሱ አይቶ አያውቅም፤ ሮጦ ሊይዛቸው ሲል ጋሼ ቸሬ ክንዱን ያዙትና ተዋቸው፣ ለቅሶ ላይ ናቸው አሉት። ለዘመናት ያልተቀመጡበትን ለቅሶ በዚያ ሳሎን ተቀመጡ። የኒሪ ድምፅ እስኪያርፉ ድረስ አልተዋቸውም።

ሲረጋጉ ጋሼ ቸሬ ሥራቸውን ሠሩ። የትዋበችን ዘር ቆጠሩ፣ የባሏን ቆጠሩ፤ በጭልጋም በወገራም ዞሩ። ሰባት ቤት አለፉ፤ ዋሴ የሚባል አላገኙም። የሚያገናኝ ደም የለም አሉ፤ በቃ።

ኤሊዓድ ወደ ኒሪ መጣ። ሰው ፊት መሆኑን ረስቶ ተንበረከከ።

"ውሸት ነው በይ ያልኩሽ እኔ ነኝ" አላት። "ያቺን ባልዲ የያዘችውን ሴት ስም የጠየቅሁሽም እኔ ነኝ። ሁለተኛውን ሰው ያዢልኝ፤ የመጀመሪያውን እኔ አስወጣዋለሁ።"

ኒሪ አየችው። መነጽሩ ዛሬም ደብዝዞ ነበር፤ በዕንባ ነው። ልትቆጣው ፈለገች፤ ቁጣዋን ፈልጋ አጣችው። "ሁለተኛ ዋሺ እንዳትለኝ" ብቻ አለችው፤ መነጽሩን ከፊቱ አንስታ በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችለት።

ትዋበች ግን ተነስታ ነበር። አደራዬን አድርሻለሁ አለች፤ ደህና ዋሉ። ስለ ልጆቹ አንዲት ቃል አልተነፈሰችም። ኒሪ እናቷን አወቀቻት፤ ከዚህ ቤት ልጅ ለምና ወጣች እንዲባልባት አትፈቅድም።

ኤሊዓድ የመኪናውን ቁልፍ አነሳ። አባቱ አስቀምጥ አሉት። ኮታቸውን ለበሱ፣ ባርኔጣቸውን አደረጉ፤ በእግር ነው የምሸኛቸው አሉ። ከአፍሪዳር ሺምሾን ድረስ የእግር መንገድ ነው፤ ፀሐይዋም ገና አልበረደችም። ጋሼ አለምነው ከትዋበች በግማሽ እርምጃ ወደ ኋላ እያሉ፣ ትልቅ ሰው ሲሸኝ እንደሚደረገው፣ ወሬ ሳያበዙ ሄዱ። የሚያውቃቸው ሰላም እያለ ቆሞ ይመለከታል፤ ይህች ሴት ማናት እንዲህ የሚሸኟት ይላል። ኒሪን የሚያውቁ ልጆች ሳኽካኒቷ፣ ተዋናይቷ እያሉ በስልካቸው ፎቶ ያነሳሉ። ጋሼ አለምነው አንዱን ልጅ አስቁመው እናቷንም አንሳ አሉት።

ትዋበች ቤቷ ስትደርስ እግዜር ይስጥልኝ ብላ ልጇን ይዛ ገባች፤ በሩን ዘጋች። ኒሪ ግራ ገባት። ኢማ፣ ግቡ እንኳ አትያቸውም ወይ ልትል ስትል ከውጭ ድምፅ መጣ። ጋሼ አለምነው አልሄዱም ነበር።

"ቤቶች" አለ ድምፁ።

ትዋበች በቦታዋ ቆመች። ከዚያ እንደ ደንቡ፣ ቀስ ብላ፣ "ማነው?" አለች።

"አለምነው ነኝ። የቢምረው ወንድም።"

በአፍሪዳር ያልፈሰሰው የትዋበች እንባ አሁን ፈሰሰ። በነጠላዋ አፏን ይዛ ድምፅዋን እስክታቃና ጊዜ ወሰደባት።

"ምን ፈልገው ነው የመጡ?"

"ልጅ አለችዎ ሲሉ ሰምቼ ነው። ተዋናይት ናት አሉ፤ አገር ያስለቀሰች። ሽማግሌ አልያዝኩም፤ ራሴ ነኝ። ለልጄ ልለምናት ነው።"

የኒሪ እጅ ወደ መቀርቀሪያው ሮጠ። ትዋበች ግን ያዘቻት፤ እያለቀሰችም እየሳቀችም ነበር።

"ትንሽ ይቁሙ" አለች በሹክሹክታ። "የሴት ልጅ ቤት በአንድ ጥሪ አይከፈትም።"

እናትና ልጅ ከበሩ ጀርባ ትከሻ ለትከሻ ተጠጋግተው ቆሙ። ውጭ የአፍሪዳሩ ሰውዬ፣ የሺምሾን ጎረቤት ሁሉ መስኮቱን ከፍቶ እያያቸው፣ ከፊተኛው ከፍ ባለ ድምፅ ሁለተኛ ተጣሩ።